ፈሳሽን የማገት ጥበብ፦ ከብራማ መጭመቂያ እስከ ከባድ መኪና የመሣሪያ ሳጥን በር

በከባድ የጥገናና የመጎተቻ መኪናዎች ጎን ላይ የሚገጠመው የመሣሪያ ሳጥን በወፍራም ላሜራ የተሠራ በር ሲኖረው፣ በሩ ለአንድ ሰው ክንድ ስለሚከብድ በሃይድሮሊክ፣ ማለትም በታመቀ ፈሳሽ ኃይል፣ እንዲከፈትና እንዲዘጋ ይደረጋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ፓምፕ፣ ሲሊንደር፣ ቱቦ፣ ጥቂት ቫልቮችና ዘይት ብቻ ነው። እነዚህ ተራ የሚመስሉ ዕቃዎች ዛሬ የያዙትን መልክ ለመያዝ ግን ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ፈጅቶባቸዋል፤ ዘመኑን ያራዘመውም ኃይልን የማብዛቱ ዕውቀት ሳይሆን ፈሳሹ እንዳያመልጥ የማገቱ ሥራ ነበር።

የኃይሉ ሕግ የታወቀው ቀደም ብሎ ነው። ፈረንሳዊው ሊቅ ብሌዝ ፓስካል ከሞተ በኋላ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1663 በታተመው ድርሰቱ፣ በዝግ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል እንደሚዳረስ አስረድቷል። ስለዚህም በትንሽ ፒስተን ላይ የሚገፋ አንድ ሰው፣ ስፋቱ መቶ እጥፍ በሆነ ፒስተን ላይ የሚገፉ መቶ ሰዎችን ሊመክት ይችላል፤ ትልቁ ፒስተን አንድ ጣት ከፍ እንዲል ግን ትንሹ መቶ ጣት መጓዝ ይኖርበታል፤ በኃይል የተገኘው ትርፍ በርቀት ይከፈላል።

ሕጉን ወደ መሣሪያ የለወጠው በለንደን በቁልፍ ሠሪነቱ የታወቀው ጆሴፍ ብራማ ሲሆን፣ የሃይድሮሊክ መጭመቂያውን የፈጠራ መብት በ1795 አስመዝግቧል። ችግሩ በፒስተኑና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ባለው ክፍተት ላይ ነበር፤ ማሸጊያው ሲላላ ውኃው ይተፋል፣ ሲጠብቅ ደግሞ ፒስተኑ ተነክሶ ወደ ቦታው አይመለስም። መፍትሔው በብዙዎች ዘንድ በብራማ ቤት ይሠራ ለነበረው ለሄንሪ ሞድስሊ ይሰጣል፤ ይኸውም ጠርዙ እንደ ጽዋ አፍ የታጠፈ የቆዳ ቀለበት ነው። ግፊቱ ሲጨምር ውኃው ራሱ ወደ እጥፋቱ ገብቶ ቆዳውን ከብረቱ ጋር ያጣብቀዋል፤ ግፊቱ ሲቀንስም ቆዳው ይላላና ፒስተኑ በነፃነት ይመለሳል። ለማምለጥ የሚታገለው ውኃ በዚህ መንገድ የራሱ ዘበኛ ሆነ።

ይህ ኃይል ምን ያህል ሊሸከም እንደሚችል በ1849 በሰሜን ዌልስ በሜናይ የባሕር ወሽመጥ ላይ ታየ። መሐንዲሱ ሮበርት ስቲቨንሰን ለብሪታኒያ ድልድይ የተሠሩትን፣ እያንዳንዳቸው 1,500 ቶን ገደማ የሚመዝኑትን ረጃጅም የብረት ቱቦዎች በሃይድሮሊክ ሲያስነሣ፣ ቱቦው ከፍ ባለ ቁጥር ከሥሩ ያለው ባዶ ቦታ በድጋፍ እየተሞላ እንዲሄድ አዝዞ ነበር። በነሐሴ ወር የአንዱ መጭመቂያ ሲሊንደር መቀመጫ ተገንጥሎ ሲወድቅ ቱቦው የወረደው ከአንድ ጫማ ባነሰ ነው፤ ከጥፋት ያዳነውም ያ ድጋፍ ነበር።

በዚያው ዘመን ዊልያም አርምስትሮንግ በኒውካስል የውኃ ኃይልን ለወደብ ክሬኖች አዋለ። ግፊት የሚገኘው ውኃን ከፍ ባለ ግንብ ላይ በማጠራቀም በነበረበት ጊዜ፣ ለግሪምስቢ ወደብ በ1852 የተጠናቀቀው ግንብ 94 ሜትር ገደማ ደርሶ ነበር፤ አርምስትሮንግ ግን በከባድ ሸክም የተጫነ ፒስተን የታመቀ ውኃን እንዲያጠራቅም በማድረግ ግንቡን አላስፈላጊ አደረገው። ውኃ ግን በብርድ በረዶ ይሆናል፣ ብረት ያዝጋል፣ አያለሰልስም። በ1906 በአሜሪካ የጦር መርከብ ቨርጂኒያ ላይ መድፎችን ለማንቀሳቀስ በውኃ ፈንታ ዘይት ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ እነዚህ ችግሮች እየተቃለሉ ሄዱ። በ1939 ደግሞ በዴንማርክ ተወልዶ በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ኒልስ ክሪስቴንሰን በጎድጓዳ መስመር ውስጥ ለሚቀመጠው ክብ የላስቲክ ቀለበት የፈጠራ መብት አገኘ፤ የቆዳውን ሥራም ርካሽና ትንሽ የሆነው ላስቲክ ተረከበው።

የሳጥኑ በር የዚህ ሁሉ ወራሽ ነው። ወደ ላይ የሚከፈት 100 ኪሎ የሚመዝን በር ክብደቱ ከማጠፊያው 50 ሳንቲ ሜትር ርቆ ቢያርፍ፣ ሲሊንደሩ ደግሞ በጠባብ ቦታ ምክንያት በ10 ሳንቲ ሜትር ርቀት ብቻ ቢገፋ፣ የሚፈለገው ኃይል 500 ኪሎ ይሆናል። የፒስተኑ ስፋት 5 ካሬ ሳንቲ ሜትር ከሆነ ዘይቱ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር 100 ኪሎ መሸከም አለበት፤ ፒስተኑ 1 ካሬ ሳንቲ ሜትር የሆነና እጀታው ኃይልን አሥር እጥፍ የሚያበዛ የእጅ ፓምፕ ግን ይህን ግፊት በ10 ኪሎ የክንድ ኃይል ያስገኛል። ዘይቱን ወደ ኋላ የማይመልሰው ቫልቭ በሩን በተከፈተበት ያቆመዋል፤ ጠባብ ማሳለፊያም በሩ ሲዘጋ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ያደርገዋል።

ያም ሆኖ ጠንቃቃ ሠሪ ለበሩ የብረት ደጋፊ ሳይጨምር ሥራውን አይጨርስም፤ ቱቦ ሊፈነዳ፣ ቀለበትም ሊያረጅ ይችላልና። በኢትዮጵያ ጋራዦችም በክሪክ ብቻ ከተነሣ መኪና ሥር ከመግባት በፊት ታኮና ድጋፍ ማስገባት የተለመደ ምክር ነው። የሜናይ ግንበኞች ከቱቦው ሥር ሲደረድሩት የነበረው ድጋፍ ዋጋም ይኸው ነበር፦ ፈሳሹ ያነሣል፣ ሸክሙን ለማቆየት ግን ጠንካራ አካል ያስፈልጋል።