ዜና መዋዕል ዘራዲዮ፤ የቦሊቪያ ቆርቆሮ ቈፋሪዎች ጣቢያዎች ታሪክ

በቦሊቪያ ደጋ ስለ ቆሙት የራዲዮ ጣቢያዎች፥ ማን እንደ ተከላቸው፥ ማን እንዳፈረሳቸውና በመጨረሻ ምን እንደ ደረሰባቸው ይህን ጻፍን። ዘመኑን በእኛው ባሕረ ሐሳብ ቈጥረናል። የምንጽፈውም ከደመወዛቸው እየቀነሱ ጣቢያዎቹን ላቆሙት ሠራተኞች ወግነን ነው፤ የጄኔራሎቹን ምስጋና የሚሻ ከጄኔራሎቹ ጸሐፊዎች ይፈልግ።

አገሩ በአብዛኛው በኦሩሮና በፖቶሲ አውራጃ ያለው ተራራ ነው። ከባሕር ወለል 4,000 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ ብርዱ ብርቱ፥ ዛፉ ጥቂት ነው። ሕዝቡ ኬችዋና አይማራ ይናገራል፤ ሹሙ ግን የሚጽፈው በስፓኒሽ ነበረ። ከተራራው ሆድ የሚወጣው ቆርቆሮ ጣቢያዎቹ በተጀመሩበት ዘመን በአብዛኛው የሦስት ጌቶች ሀብት ነበረ፤ እነርሱም ፓቲኞ፥ ሆክሽልድና አራማዮ ይባላሉ። ቈፋሪው የድንጋይ ብናኝ እየሳበ ሳንባው ሲያልቅ፥ እርጅናን ሳያይ ይሞት ነበር።

በ1935 ዓ.ም. ታኅሣሥ 12 ቀን፥ በእኛ አገር የሚካኤል ዕለት፥ ካታቪ የሚባለው የማዕድን ሰፈር ሠራተኞች ደመወዝ ይጨመርልን ብለው ሲሄዱ ወታደር ተኰሰባቸው። ማሪያ ባርሶላ የምትባል ሴት ባንዲራ ይዛ ከፊት ስትሄድ ወደቀች። የሞቱትን የመንግሥት ሰዎች አሳንሰው፥ ሠራተኞቹ አብዝተው ይቈጥራሉ፤ ልኩን እግዚአብሔር ያውቃል። በኋላ የካታቪ ሰዎች ጣቢያ ሲያቆሙ በዚያች ቀን ስም ጠሩት።

የመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች በ1940 ዓ.ም. ገደማ ተተከሉ። በ1944 ዓ.ም. ሚያዝያ 1 ቀን ግን አብዮት ሆነ፤ ሠራተኛው ድማሚት ይዞ ከሕዝቡ ጋር ወጣና የጦር ሠራዊቱ ተሸነፈ። ቪክቶር ፓስ ኤስቴንሶሮ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1945 ዓ.ም. ጥቅምት 21 ቀን፥ በማርያም ዕለት፥ ማሪያ ባርሶላ በወደቀችበት ሜዳ ላይ የሦስቱ ጌቶች ማዕድን የመንግሥት እንዲሆን ፈረሙ። የሠራተኞቹ አለቃ ሁዋን ሌቺንም የማዕድን ሚኒስትር ሆነ። ጣቢያዎቹ በእነዚያ ዓመታት ስለ መንግሥት የተናገሩትን ምስጋና እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም።

ከዚያ ወዲህ ጣቢያዎቹ በዙ። በሲግሎ ቬይንቴ፥ በካታቪ፥ በሁዋኑኒ፥ በኮልኪሪ፥ በአኒማስና በሌሎችም ሰፈሮች ቆሙ፤ በደጉ ዘመናቸው ቍጥራቸው ከ20 በላይ ነበረ። ሥርዓታቸውም እንዲህ ነበረ፦ ሠራተኛው ከወር ደመወዙ የአንድ ቀኑን ይሰጣል፤ የሠራተኛው ማኅበር በዚያ ገንዘብ ማሰራጫውን ይገዛል፥ ተናጋሪውን ይቀጥራል። ተናጋሪው የጎረቤት ልጅ ነው። ስፓኒሽ የማይሰማው በኬችዋ ይነገረዋል። መታወቂያ የጠፋበት፥ ዘመድ የሞተበት፥ ለፍቅረኛው ዘፈን የሚያስመርጥ፥ በመደብሩ ሥጋ አልቋል ብላ የምትከስ ሴት፥ ሁሉም በሩን ገፍቶ ይገባል። እሑድ የእግር ኳስ ጨዋታ ይተላለፋል። ስብሰባ ሲኖር ማይክሮፎኑ ወደ አደባባይ ይወጣል፤ ከጉድጓድ የወጣ ሰው ቆቡን ሳያወልቅ ይናገርበታል፥ ሚስቱም ቤቷ ሆና ትሰማዋለች። ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ የሲግሎ ቬይንቴ የቤት እመቤቶች ኮሚቴ አቋቁመው ነበርና ሴቶቹም በዚሁ ማይክሮፎን ስለ ዱቄትና ስለ መድኃኒት ተሟገቱ። ከእነርሱም አንዲቱ ዶሚቲላ ባርዮስ ደ ቹንጋራ ናት፤ ስሟ ኋላ በዓለም ተሰማ።

በ1951 ዓ.ም. የካቶሊክ መነኮሳት ከካናዳ መጥተው በሲግሎ ቬይንቴ ፒዮ አሥራ ሁለተኛ የሚባል ጣቢያ ተከሉ። አሳባቸው ኮሚኒስትንና መጠጥን መዋጋት ነበረ። በማኅበሩ ጣቢያና በአባቶች ጣቢያ መካከል በነዚያ ዓመታት ብዙ ያልተገባ ነገር ተባለ፤ እሱን እንለፈው። ኋላ ግን አባቶች የሕዝቡን ድህነትና የወታደሩን ጭካኔ በዓይናቸው አይተው ከሠራተኛው ጋር ቆሙ። ልብን የሚመልስ አምላክ ይመስገን።

በ1957 ዓ.ም. ጄኔራል ባሪዬንቶስ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዘ። በዚያው ዓመት ግንቦት ሌቺንን ከአገር አስወጣ፥ ደመወዝ ቀነሰ፥ ጦር ወደ ማዕድኑ ሰደደ። በ1959 ዓ.ም. ሠራተኞቹ ጉባኤ ሊያደርጉ ወደ ሲግሎ ቬይንቴ ተሰበሰቡ። በጫካ ላሉት የቼ ጌቫራ ሽምቅ ተዋጊዎችም የአንድ ቀን ደመወዝ እንስጥ ብለው ነበር ይባላል፤ በዚህ ነገር አናበዛም። ሰኔ 16 ማታ እነርሱ በሚያከብሩት በመጥምቁ ዮሐንስ ልደት ዋዜማ በየደጁ እሳት ነደደ፤ እንደ ቡሄ ማታ ልጁም ሽማግሌውም እሳቱን ከብቦ ዘፈነ፥ ጠጣም። ሰኔ 17 ሊነጋጋ ሲል ሰዉ ገና ሳይተኛ፥ ከፊሉም ሰክሮ ሳለ ጦሩ ገባ። ከቤቱ የወጣውን ሁሉ መታ፤ ሴትና ሕፃንም ሞተ። የማኅበሩ መሪ ሮሴንዶ ጋርሲያ ማይስማን የማኅበሩን ቤትና ራዲዮውን ሲከላከል ወደቀ። ነፍሱን በአብርሃም አጠገብ ያኑርለት። ጣቢያው ዝም አለ፤ ነገር ግን ሠራተኛው እንደ ልማዱ እንደገና አዋጥቶ አስነሣው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኮሎኔል ባንሰር ሥልጣን ያዘ። በ1967 ዓ.ም. ጥር ወታደሮቹ የሲግሎ ቬይንቴንና የካታቪን ጣቢያዎች ሰባበሩ፤ የአባቶችንም አልማሩ። መንግሥቱም ቴሌቪዥን በየወሩ በሚከፈል ዋጋ እንስጣችሁ አለ። ሠራተኛው የተወሰደብንን ራዲዮ መልሱልን ብሎ ሥራ አቆመ። በ1970 ዓ.ም. ታኅሣሥ 19፥ የእኛ ሰው ቍልቢ ገብርኤልን በሚሳለምበት ቀን፥ አራት የሠራተኛ ሚስቶች ከልጆቻቸው ጋር በላፓዝ የረሃብ አድማ ጀመሩ። የታሰሩት ይፈቱ፥ የተሰደዱት ይመለሱ አሉ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከሺሕ የሚበልጥ ሰው ተከተላቸው፤ ባንሰርም እሺ አለ። ጦር የተሸነፈው በአራት ሴቶች ነው።

አሁን የጣቢያዎቹን ታላቅ ሥራ እንናገር። በ1972 ዓ.ም. ሐምሌ 10 ቀን ጄኔራል ጋርሲያ ሜሳ መንግሥቱን ገለበጠ። በላፓዝ የሠራተኞች ኮንፌዴሬሽን ቤት ተወረረ፤ ማርሴሎ ኪሮጋ ሳንታ ክሩስ የሚባል የታወቀ የሸንጎ ሰው ተገደለ። የዋና ከተማው ጣቢያዎች የጄኔራሉን ቃል ብቻ አሰሙ። ያን ጊዜ የማዕድኑ ራዲዮዎች ተያይዘው የዴሞክራሲ ሰንሰለት የሚባለውን አቆሙ። አንዱ ሲናገር ሌላው ተቀብሎ ያስተላልፋል፤ የትኛው መንገድ በጦር እንደ ተያዘ፥ ማን እንደ ታሰረ፥ የትኛው ሰፈር ስንቅ እንዳነሰው ይነገራል። ጦሩ አንዱን ጣቢያ ሲይዝ ሌላው ቃሉን ያነሣል። ሴቶችና ልጆች በጣቢያው ዙሪያ ቆመው ይጠብቁ ነበር። አገር የተደበቀበትን እውነት ከደጋው ሰማ፤ የውጭ አገር ጋዜጠኞችም ከዚያው ቀዱ። በሐምሌ መጨረሻ ካራኮሌስ በደም ተያዘ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ወደቁ፤ ተናጋሪዎቹ ወታደር ደጃቸው እስኪደርስ ድረስ ከማይክሮፎኑ አልተነሡም። ከንጉሥ ቤት ያልተገኘ ታማኝነት ከቈፋሪ ቤት ተገኘ። ጋርሲያ ሜሳም ብዙ አልቆየ፤ በኋላ ዘመን ተፈርዶበት እስረኛ ሆኖ ሞተ። በ1975 ዓ.ም. መስከረም 30 የተመረጠው መንግሥት ሥልጣን ያዘ፥ ጣቢያዎቹም ተመለሱ።

ከዚህ በኋላ ያለው ነገር አጭር ነው። ፓስ ኤስቴንሶሮ በእርጅናቸው ዳግመኛ ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ1977 ዓ.ም. ነሐሴ 23 ቀን ቍጥሩ 21060 የሆነ ድንጋጌ አወጡ፤ በ1945 ማዕድኑን ለአገር ያደረገች እጅ ይህንንም ፈረመች። በጥቅምት 1978 በለንደን ገበያ የቆርቆሮ ዋጋ ተሰበረ። መንግሥትም ማዕድኑን እየዘጋ ከ20,000 በላይ ሠራተኛ አሰናበተ። በነሐሴ 1978 ሠራተኛው ከነቤተሰቡ ከኦሩሮ ወደ ላፓዝ በእግሩ ተጓዘ፤ ካላማርካ ላይ ጦር ከበበውና ተመለሰ። ሰዉ ወደ ኤል አልቶና ወደ ቻፓሬ ቆላ ተበተነ። የአንድ ቀን ደመወዝ የሚሰጥ ሲጠፋ አብዛኞቹ ጣቢያዎች ተዘጉ። በ1999 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ በሁዋኑኒ ቈፋሪና ቈፋሪ የተጋጩበትን ቀን ግን አንጽፈውም።

የፒዮ አሥራ ሁለተኛና የሁዋኑኒ ጣቢያዎች ቀርተዋል። አንዱን ቤተ ክርስቲያን ይዛዋለች፤ ሁለተኛው ካለበት ሰፈር ጉድጓድ ዛሬም ቆርቆሮ ይወጣል። አንባቢ ሆይ፥ ጄኔራሎቹ በወንጀላቸው ይጠየቁ፤ ጣቢያዎቹን ያጠፉት ግን እነርሱ አይደሉም። ወታደር የሰበረውን ማሰራጫ ሠራተኛው በሚቀጥለው ደመወዝ ይተካው ነበር። የገጠር ራዲዮ መትከል የሚሻ ሁሉ ከአንቴናው በፊት በየወሩ የሚከፍለው ሕዝብ ማን እንደ ሆነ፥ ያ ሕዝብ እንጀራውን ከምን እንደሚያገኝ ይጠይቅ።