ጳጉሜን ስድስትና የተጨመረችው ሰኮንድ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ ያደግን ተማሪዎች የባሕረ ሐሳብን ነገር ከትምህርት ቤት አስቀድመን በቤታችን የሰማን ነን። ዘመነ ሉቃስ ሲፈጸም ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች፤ በሚከተለው በዘመነ ዮሐንስም ልደት በታኅሣሥ 29 መከበሩ ቀርቶ በ28 ይውላል። ገበሬው ስሌቱን ባያውቅም ደብሩ ስለሚያስታውቀው በዓሉ አያልፈውም። ቀን ሲጨመር በዚያ ቀን ላይ የተመሠረተው ሁሉ እንዲያውቀው ይደረጋል ማለት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህ ማስታወቅ ስለ ጐደለበት፣ በዘመናችን በኮምፒዩተር ላይ ስለ ደረሰ ጉዳይ እንመረምራለን።

የምድር ዙረት ከአቶሚክ ሰዓት ጋር በትክክል ስለማይገጥም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ አልፎ አልፎ አንዲት ሰኮንድ በዓለም ሰዓት ላይ ስትጨመር ቆይታለች። ከእነዚህም አንዷ የተጨመረችው ለሰኔ 24 ቀን 2004 ዓ.ም. አጥቢያ፣ በኤውሮፓ አቆጣጠር 2012፣ በጎጃም ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሆን ሲል ነበር፤ ይኸውም በየደብሩ ካህናት ለእሑድ ቅዳሴ የሚነሡበት ጊዜ ነው። ወዲያውኑ በልዩ ልዩ አገር በሊኑክስ የሚሠሩ ብዙ ኮምፒዩተሮች ያለ ምንም ፍሬ በሙሉ ኃይላቸው ይሠሩ ጀመር። ሬዲት፣ ሊንክድኢንና ሞዚላ ታወኩ። በጀርመን አገር ሄትስነር የተባለው ድርጅት የኤሌክትሪክ ፍጆታው በአንድ ሜጋዋት ገደማ መጨመሩን ለደንበኞቹ አስታወቀ።

የመጀመሪያዎቹ ሪፖርቶች የሚናገሩት ምልክቱን ብቻ ነበር። ነገር ግን ጥቂት ባለሙያዎች አንድ እንግዳ ነገር አስተዋሉ፤ ሰዓቱን ራሱ በሚያሳየው ጊዜ ላይ እንደገና ቢሞሉት ማሽኑ ይረጋጋል። ትክክል የነበረን ሰዓት እንደገና መሙላት ስለ ምን ይፈውሳል?

የከርነሉን፣ ማለት የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ የሰዓት ክፍል ከሚጠብቁት አንዱ የሆነው ጆን ስተልዝ ሰኮንዷ እስክትመለስ ዓመታት ሳይጠብቅ፣ እርሷን በፈለገ ጊዜ የሚያስጨምር ትንሽ ፕሮግራም ጽፎ መረመረ። በከርነሉ ውስጥ ሰዓት የሚቈጥር አንድ ክፍል፣ የፕሮግራሞችን ቀጠሮ የሚጠብቅ ሌላ ክፍል አለ። ሰኮንዷ ስትጨመር ሰዓት ቈጣሪው አንድ ሰኮንድ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ቀጠሮ ጠባቂው ግን ስላልተነገረው አንድ ሰኮንድ ቀድሞ ቀረ። «ከግማሽ ሰኮንድ በኋላ ቀስቅሰኝ» ያለ ፕሮግራም ወዲያው ይቀሰቀሳል፤ ሰዓቱን ቢያይ ገና ነው፤ ተመልሶ ይተኛል፤ እንደገና ይቀሰቀሳል። ድካሙ ሁሉ ይህ ነበር። ሰዓት በእጅ ሲሞላ ግን ከርነሉ ለውጡን ለቀጠሮ ጠባቂው ያስታውቃል፤ የፈውሱ ምስጢር በዚህ ተገለጠ።

ለታሪክ ተማሪ ከዚህ የሚበልጠው ነገር፣ ይህ ማስታወቅ ቀድሞ በከርነሉ ውስጥ የነበረ መሆኑ ነው። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ከርነሉን ቈልፎ ሊያስቀር ስለሚችል ተነሥቶ ነበር። አንዱን ጉድለት ለማዳን የተደረገው ጥገና ሌላውን ወለደ። በ2012 የተደረገው እርማት ማስታወቁን መለሰው፤ ነገር ግን መቈለፍን በማያስከትል መንገድ ነው።

እኛ ማሽን ሲያስቸግረን አጥፍተን እናበራለን፤ ከሠራም እንረሳዋለን። በዚያ ሌሊት ሁሉም እንዲሁ ቢያደርግ ኖሮ፣ በሰኔ 2007 ዓ.ም. ሌላ ሰኮንድ ተጨምራለችና፣ ሁከቱ በተደገመ ነበር። ስለዚህ ጉድለትን የሚያመለክት ሰው ምን እንደ ታመመ፣ በስንት ሰዓት እንደ ጀመረ፣ በተለይም ምን እንደ ፈወሰው ቢጽፍ ለመርማሪው መንገድ ይከፍታል።

በኤውሮፓ አቆጣጠር በ2022 የዓለም የሚዛንና የልክ ጉባኤ ይህ ሰኮንድ የመጨመር ልማድ እስከ 2035 ድረስ እንዲለወጥ ወስኗል። ጳጉሜን 6 ግን በየአራት ዓመቱ ትመጣለች፤ ደብሩም እንደ ወትሮው ያስታውቃል።