በስኳር ውስጥ የተጻፈ የቦታ ስም፦ ከባሕር ዳርቻ ከረሜላ እስከ ጌዴኦ ቡና



የዛሬው ርእሰ ጉዳያችን ከረሜላ ነው። ነገሩ ለታሪክ ጥናት እጅግ ተራ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም ከረሜላ አንድ ቁም ነገር ያለው ጥያቄ እንድናነሣ ይረዳናል፦ የአንድ ቦታ ስም በሸቀጥ ላይ ሲጻፍ ማንን ያሳያል? ማንንስ ይሰውራል? ጥያቄውን ከእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ተነሥተን፣ በወንጂ በኩል አልፈን፣ እዚህ ጌዴኦ ድረስ እንከተለዋለን።

በእንግሊዝ የባሕር መዝናኛ ከተሞች «ሮክ»፣ ማለትም «ዐለት»፣ የሚባል በትር መሰል ጠንካራ ከረሜላ ይሸጣል። የከተማው ስም በውስጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስለሚዘልቅ፣ በየትም ቦታ ቢሰበር ያው ስም ይነበባል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ስኳርና የግሉኮስ ሽሮፕ እስከ 145 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላና በቀዝቃዛ የብረት ገበታ ላይ ይፈስሳል። ከፊሉ ቀለም ይገባበታል። ሌላው ከፊል በመንጠቆ ላይ እየተንጠለጠለ በተደጋጋሚ ይሳባል፤ አየር ሲገባበትም ነጭ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ የናና ዘይት ይጨመርበታል። ከዚያም ሠራተኛው ባለቀለሙንና ነጩን ረዣዥም ቁራጮች እየደረበ እያንዳንዱን ፊደል ይገነባል። ቅርጻቸው ቀጥ ያለው ፊደላት ቀድመው ይሠራሉ፤ ክብና ሦስት ማዕዘን የሆኑት ግን ገና ለስላሳ ሳሉ እንዳይጣመሙ ወደ መጨረሻው ይቆያሉ። ፊደላቱ በነጩ አካል ዙሪያ ተደርድረው፣ ብዙ ጊዜ ሮዝ በሆነ ሽፋን ይጠቀለላሉ። ወፍራሙ ጥቅል ሳይቀዘቅዝ እየተንከባለለ ይሳባል፤ በመጨረሻም ቀጭን በትር ሆኖ ይቆረጣል። ስሙ ግን ፊደላቱ አብረው እየቀጠኑ ሳይጠፋ ይዘልቃል።

ይህን ጥበብ የጀመረው ማን ነው? በስፋት የሚነገረው ታሪክ ቤን ቡሎክ የተባለ የቀድሞ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪ እ.ኤ.አ. በ1887 የብላክፑል ከተማ ስም ያለበትን ከረሜላ እንደሠራ ይገልጻል። ነገር ግን ሄንሪ ሜይሂው እ.ኤ.አ. በ1851 ስለ ለንደን የጎዳና ነጋዴዎች ባሳተመው ሥራ፣ ውስጡ ቃላት የተጻፈበት ከረሜላ ቀድሞ ይሸጥ እንደነበር መዝግቧል። ስለዚህ ከአንድ ሰው ፈጠራ ይልቅ የዘመኑን ሁኔታ መመርመር ይበልጣል። የባቡር ሐዲድ ብላክፑል የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1846 ነው። የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞችም ለበዓል ዕረፍት ወደ ባሕር ይጎርፉ ጀመር። በ1874 የስኳር ቀረጥ ሲሻር ጣፋጭ ነገር ለሠራተኛው ኪስ ቀረበ። ተጓዡም የሄደበትን ከተማ ስም በርካሽ ዋጋ ገዝቶ ለቤተሰቡ ይወስድ ነበር።

ልብ በሉ፤ ብላክፑል ሸንኮራ አገዳ አይበቅልባትም። የብሪታንያ ስኳር ለረጅም ዘመን በካሪቢያን ደሴቶች በባርነት ሥር ባሉ አፍሪካውያን ጉልበት ሲመረት ቆይቷል፤ ኋላም ከአውሮፓ የስኳር ቀይ ሥር የተመረተ ስኳር ገበያውን በብዛት ተቀላቀለ። በበትሩ ውስጥ የሚነበበው ግን የተሸጠበት ከተማ ስም እንጂ የአምራቹ አገር ስም አይደለም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በኢትዮጵያ የጣፋጭነት ዋና ምንጭ ለዘመናት ማር ነበር። «ከረሜላ» የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። የስኳር ኢንዱስትሪ የተመሠረተው መንግሥት በ1943 ዓ.ም. ኤች.ቪ.ኤ. ከተባለው የሆላንድ ኩባንያ ጋር ስምምነት ከተፈራረመ በኋላ ሲሆን፣ የወንጂ ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ። ኩባንያው የእርሻ ልምዱን ያካበተው በቅኝ ግዛት ዘመን በኢንዶኔዥያ ነበር። የብዙ ልጆች ትዝታ የሆነው «ደስታ ከረሜላ» የወጣውም ከወንጂ ነው። አገዳውን ከቆረጡት መካከል ብዙዎቹ ከከምባታ፣ ከሐዲያና ከወላይታ የሄዱ ወጣቶች ነበሩ። መጠቅለያው ስለ ደስታ ይናገራል፤ ስለ አገዳ ቆራጩ ግን ዝም ይላል።

ይህ ጥያቄ እኛንም በቀጥታ ይመለከታል። ከኮቸሬ ወረዳ፣ ከፍስሐ ገነት ዙሪያ ማሳዎች የሚለቀመው ቡና በዓለም ገበያ በአብዛኛው «ይርጋጨፌ» በሚለው ስም ይታወቃል። የብላክፑል ተቃራኒ ነው፤ እዚህ ስሙ የአምራቹ አካባቢ ስም ነው። ይሁንና ስሙ አምራቹን ራሱን አይጠቅምም ነበር የሚል ሙግት ነበረ። የኢትዮጵያ መንግሥት በ1997 ዓ.ም. ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በአሜሪካ የንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ያመለከተው፣ ስሙ ራሱ ሀብት መሆኑን ተረድቶ ነው። ከስታርባክስ ጋር የነበረው ክርክርም በ1999 ዓ.ም. በስምምነት ተቋጨ። ስምን በሕግ ማስጠበቅ ታላቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን የንግድ ምልክት የአካባቢውን ስም እንጂ ቡናውን ከእንሰትና ከጥላ ዛፎች ጋር አስማምቶ የሚያለማውን የጌዴኦ ገበሬ ታሪክ አይመዘግብም።

ከረሜላው ከዚህ አንጻር የሚያስተምረን ነገር አለ። ፊደሉ በበትሩ ውስጥ የሚዘልቀው ሥራው ሳይጠናቀቅ፣ ስኳሩ ገና ትኩስ ሳለ ስለተቀመጠ ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ የሚጻፍ ነገር ቢኖር ላይ ላዩን ብቻ ነው። የአምራቾችም ታሪክ እንዲሁ ነው። ጫካ ቡና፣ የጓሮ ቡና፣ የመፈልፈያ ጣቢያና የነጋዴ ሚዛን ምን ይመስሉ እንደነበር የሚያስታውሱ አረጋውያን ዛሬ በመካከላችን አሉ። የወረዳና የኅብረት ሥራ ማኅበራት መዛግብትም ገና አልጠፉም። እናንተ ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናታችሁን ርእስ ስትመርጡ፣ «ይህ ስም የማንን ሥራ ይዟል?» ብላችሁ ጠይቁ። ካልጠየቅን የሚቀረን በጆንያ ላይ የታተመ ስም ብቻ ይሆናል።