ሶላርፐንክ፦ ፀሐይ ዘመም ልብ ወለድ

«ሶላርፐንክ» በታዳሽ ኃይል የሚጠቀምና ከተፈጥሮ ጋር ተስማምቶ የሚኖር ማኅበረሰብ ምን ሊመስል እንደሚችል በልብ ወለድ፣ በሥዕልና በሥነ ሕንፃ ንድፍ የሚያሳይ የፈጠራ ዘርፍ መጠሪያ ሲሆን፣ እዚህ «ፀሐይ ዘመም» የሚል የአማርኛ አቻ ተሰጥቶታል። ዘርፉ የሚመደበው «እንዲህ ቢሆንስ?» ከሚል ጥያቄ ተነሥተው ገና ያልታየ ዓለም ከሚፈጥሩት ምናባዊ ድርሰቶች ጎራ ነው።

«ፐንክ» የሚለው የስያሜው ክፍል በ1970ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከተነሣው እምቢ ባይ የሙዚቃ ስልት የመጣ ሲሆን፣ ወደ ሥነ ጽሑፍ የገባው በ«ሳይበርፐንክ» በኩል ነው። ሳይበርፐንክ፣ ዊልያም ጊብሰን በ1984 ባሳተመው «ኒውሮማንሰር» እንደሚታየው፣ ኮምፒውተር የተራቀቀበትን፣ ነገር ግን ግዙፍ ኩባንያዎች እንዳሻቸው የሚሆኑበትን ጨለማ መጪ ዘመን የሚሥል ነው። «ሶላርፐንክ» የተባለው ስያሜ ደግሞ በ2008 በኢንተርኔት በወጣ ጽሑፍ የታየ ሲሆን፣ ለጽሑፉ መነሻ የሆነችው «ቤሉጋ ስካይሴይልስ» የምትባል የጭነት መርከብ ነበረች፤ ይህች መርከብ ሞተሯን ሳታስወግድ፣ ከፊቷ በገመድ ታስሮ ወደ ሰማይ በሚለቀቅ ግዙፍ ካይት አማካይነት በነፋስ እየተሳበች ነዳጅ ትቆጥብ ነበር። የጥንቱ ብልሃት ከአዲሱ ቴክኖሎጂ ጋር መዳቀሉ እስከ ዛሬ የዘርፉ መለያ ነው። በ2012 ብራዚል ውስጥ በጌርሰን ሎዲ-ሪቤይሮ አዘጋጅነት የታተመው የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበልም ስያሜውን ርእሱ አድርጎ ወጣ።

ቃሉን «ፀሐያዊ» ብሎ መተርጎም ይቀል ነበር፤ ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው አቻ ሶላሩን አስቀርቶ ፐንኩን ይጥላል። ጣሪያው ሁሉ ሶላር ለብሶ፣ ኃይሉን ግን ጥቂት ባለሀብቶች የሚቸበችቡበት ከተማ የዚህ ዘርፍ ዓለም አይደለም፤ ኃይሉን ማን ያመነጫል፣ ማንስ ያዝበታል የሚለው ጥያቄ ከቴክኖሎጂው እኩል ይመዝናልና። «የፀሐይ አመፅ» ቢባል ደግሞ ጠመንጃ ያስታውሳል። «ዘመም» ግን፣ «ግራ ዘመም» እና «ቀኝ ዘመም» ሲባል እንደተለመደው፣ አቋም መያዝን ስለሚያመለክት የተሻለ ይመስላል።

በዘርፉ ላይ የሚሰነዘረው ዋና ትችት፣ ሁሉ በተመቻቸበት ዓለም ግጭት ስለማይኖር ታሪክ አይወለድም የሚል ነው። ቤኪ ቻምበርስ በ2021 ያሳተመችውና በቀጣዩ ዓመት የሁጎ ሽልማት ያገኘው «ኤ ሳልም ፎር ዘ ዋይልድ-ቢልት» ለዚህ ትችት ጥሩ መልስ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዴክስ በፔዳል በሚጎተት ጋሪ ከመንደር መንደር እየተዘዋወረ ለደከመው ሁሉ ሻይ የሚያፈላና ብሶት የሚያዳምጥ መነኩሴ ነው፤ ሮቦቶች ከብዙ ዘመን በፊት ከፋብሪካ ወጥተው ጫካ ገብተዋል፣ ሰዎችም የምድራቸውን ሰፊ ክፍል ለዱሩ ትተዋል። ዴክስ ምንም ሳይጎድልበት እርካታ ያጣል፤ ከጫካ የመጣ አንድ ሮቦት ደግሞ ሰዎች ምን እንደሚያስፈልጋቸው ሊጠይቅ ይወጣል። ድርሰቱ የሚቆመው በዚህ ጭንቀት ላይ ነው፤ ረኀብና ጦርነት የሌሉበት ኑሮም ለደራሲ በቂ ጣጣ አለው።

ዘርፉ ሲታወቅ ገበያውም አልተኛም። ቾባኒ የተባለው የአሜሪካ እርጎ አምራች በ2021 በነፋስ ኃይል ማመንጫዎችና በለምለም እርሻ የተዋበ የአኒሜሽን ማስታወቂያ አሠራ፤ ምስሉን የወደዱት፣ እርጎ መሸጫ መሆኑ ግን ያልተዋጠላቸው የዘርፉ ወዳጆች የኩባንያውን አርማ ፍቀው ፊልሙን እንደገና አሠራጩት።