ሰሚው ሲበዛ፣ ነፊው ሲያንስ

እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ቃላቸውን በሰም ጥቅልል ላይ አስቀርጸው ለዳግማዊ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ላኩ። ጥቅልሉ ቤተ መንግሥት ውስጥ ከተሰማ በኋላ እንዲሰበር ታዝዞ ነበርና ተሰበረ። ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌዪቱም በተራቸው በዚያው ዓይነት መሣሪያ ድምፃቸውን አስቀርጸው መለሱ። የእነርሱ ቅጂ ግን ተርፎ ዛሬም ይሰማል። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ የተቀረጸ ድምፅ የመስማት ዕድል የነበረው ቤተ መንግሥቱና በዙሪያው ያሉ ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ።

ዛሬ ከቦሌ መንገድ ታጥፎ ወደ ሩዋንዳ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ኢርፎን ሰክቶ የተቀመጠ ተማሪ፣ የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን ትናንት ማታ ከወጣ ነጠላ ዜማ ጋር እያፈራረቀ ያዳምጣል። ሹፌሩ ደግሞ ፍላሽ ሰክቶ የራሱን ምርጫ ከፍቷል። ከቤተ መንግሥት እስከ ታክሲ ያለው መንገድ ከአንድ መቶ ሃያ ዓመት በላይ ፈጅቷል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አዲስ መሣሪያ በመጣ ቁጥር የሚነሳው ጥያቄ ግን አልተለወጠም፤ ጨዋታው አማረ ወይስ ተበላሸ?

ለአዲስ አበባ ሙዚቃ መልሱን ፍለጋ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የሚያስገርም ነገር፣ ዛሬ «የድሮው፣ እውነተኛው» እየተባለ የሚናፈቀው ድምፅ ራሱ በዘመኑ ከውጭ የገባ አዲስ ነገር መሆኑን ነው። ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ዛር ዳግማዊ ኒኮላስ 40 የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎችን ከአንድ አስተማሪ ጋር ለምኒልክ ላኩ። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ «አርባ ልጆች» የተባሉት፣ ከአስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር የቤተ መንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። ከዚያም የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች ተከተሉ። ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ ከክብር ዘበኛ፣ ዓለማየሁ እሸቴ ከፖሊስ የወጡት በዚህ መንገድ ነው። ሳክስፎንና ትሮምቦን ከአምባሰልና ከትዝታ ጋር ተጋብተው የራሳቸውን ልጅ ወለዱ። ማሲንቆውም አልጠፋም፤ በአዝማሪ ቤት ቦታውን ይዞ ቀጠለ።

ሸክላ የዚህን ድምፅ ዕጣ ለወጠው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 የመኪና ነገር እንዲማሩ ጀርመን ተልከው ሳለ እግረ መንገዳቸውን በርሊን ውስጥ ዘፈኖቻቸውን አስቀርጸዋል። ከዚያ በኋላ ግን አገር ውስጥ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም ሥራ ለረጅም ጊዜ በሀገር ፍቅር ማኅበር ሞኖፖል ሥር ቆየ። ያንን አጥር የጣሰው ገና በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረው አምሃ እሸቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ቀርጾ ውጭ አገር አሳተመና ለገበያ አወጣው። ሊከሰስ ይችል ነበር፤ ሸክላው ግን ተወደደ፤ ከዚያ ወዲያ የሚመልሰው አልተገኘም። አምሃ ሬከርድስ እስከ 1975 ድረስ ከ100 በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ሸክላዎችና ወደ አሥራ ሁለት የሚጠጉ አልበሞች አወጣ። ፊሊፕስና ካይፋ ሬከርድስም ተፎካካሪ ሆነው ገቡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ትንሿ ሸክላ በአንድ ፊቷ የምትይዘው የአራት አምስት ደቂቃ ዘፈን ነው። አዝማሪ ቤት ግን ዘፈን ልክ የለውም። አዝማሪው እንግዳውን አይቶ ግጥሙን እዚያው ይሠራል፣ እንግዳውም «ተቀበል» እያለ ስንኝ ያቀብለዋል፣ የተወረፈው ሰው ይስቃል ወይም ይከፍላል፣ ነገሩም ሌሊቱን ሙሉ ይቀጥላል። ሸክላ ያንን ቆርጦ አራት ደቂቃ አደረገው፤ ለሁሉም ሰው፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት። በምላሹ የሰጠውም ቀላል አይደለም። ፒያሳ የተቀረጸው ዘፈን ደሴም ጅማም ተሰማ፤ የዚያን ዘመን አቀናባሪዎችም በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ መግቢያውን፣ የትንፋሹን ምላሽና የድምጻዊውን ጩኸት አስማምተው ማስገባት ተካኑ። የአጭሩ ሸክላ ጥበብ ከዚህ ጥበት የተወለደ ነው።

አብዮቱ ሲፈነዳ የሌሊቱ ከተማ ተዘጋ። አምሃ በ1975 እ.ኤ.አ. ተሰደደ። ሰዓት እላፊው ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ለዓመታት ቆየ። ባንዶች በሆቴሎች ውስጥ መጫወታቸውን አላቆሙም፤ ነገር ግን የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልም ነበር። ማምሸት ውድና አስጊ ሆነ፤ ሙዚቃ ወደየቤቱ ገባ። ያስገባውም ካሴት ነው።

ካሴት ለኢትዮጵያ አድማጭ የዋለውን ውለታ አሳንሶ የሚያይ ሰው፣ መብራት በሌለበት አገር ውስጥ የኖረ ሰው አይደለም። ብዙው የሸክላ ማጫወቻ መብራት ይፈልጋል፣ መርፌ ይፈልጋል፣ ጠረጴዛ ይፈልጋል። ቴፕ ግን ድንጋይ ከገባለት በበቅሎ ላይም ይዘፍናል። ገጠር ድረስ የሙሽራ ጥሎሽ ሆነ። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ክሩ ሲላላ በቢክ እስክሪብቶ ይጠቀለላል፤ እንዳይሰረዝ አናቱ ላይ ያለችው ጥርስ ትሰበራለች፤ ሌላ ሊቀዳበት የፈለገ ደግሞ ቀዳዳዋን በወረቀት ይደፍናታል። ያው ሬዲዮና ቴፕ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ማንበብ ለማይችለው ሁሉ አድርሷል። አንድ ሰው አነበበ፣ አገር ሰማ። ይህን ያህል ሰው በአንድ ልቦለድ ዙሪያ የሰበሰበ ሌላ መሣሪያ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ማግኘት ይከብዳል።

ነገር ግን ያ ወረቀት የተደፈነበት ካሴት የሙዚቀኛው ኪሳራ መጀመሪያም ነው። ሸክላ ቤት ውስጥ አይገለበጥም ነበር፤ ካሴት ግን ሁለት ቴፕ ያለው ሰው ሁሉ አሳታሚ ሆነ። ሙዚቃ ቤቶች ገበያው ከመቀዳቱ በፊት ወጪያቸውን ቶሎ መመለስ ነበረባቸው። ካሴቱ ደግሞ እንደ ሸክላ በሁለት ዘፈን አይሞላም፤ አሥር ገደማ ይፈልጋል። አሥር ዘፈን፣ በትንሽ ወጪ፣ ቶሎ ማውጣት። ለዚህ ስሌት አሥር ሰው ያለው የትንፋሽ ባንድ አይመችም።

ኪቦርድ የገባው በዚህ ክፍተት ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አንድ ኪቦርድና ከበሮ የሚመታ ማሽን የአንድን ሙሉ ባንድ ድምፅ ማውጣት ቻሉ። ሳክስፎኑ በቁልፍ ሲመሰል፣ ትሮምቦኑ በቁልፍ ሲመሰል፣ ነፊዎቹ ከስቱዲዮ ወጡ። ይህ ጉዳት እውነት ነው፤ ሊስተባበልም አይገባም። በነፊው እስትንፋስ ውስጥ ያለው መዘግየትና መቅደም፣ ሁለት ሳክስፎኖች እኩል ሊሆኑ ሲሉ የሚፈጥሩት ትንሽ ልዩነት፣ ያ ነበር የጥንቱን ሸክላ ሕያው ያደረገው። ማሽኑ አይዘገይም፣ አይቀድምም።

ሆኖም የኃይሉ መርጊያ ታሪክ ፍርዱን ቀላል አያደርገውም።

ኃይሉ በሂልተን ሆቴል ይጫወት የነበረው የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነው። ባንዱ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ለትርዒት ሄዶ፣ ከአባላቱ ኃይሉን ጨምሮ አራቱ እዚያው ቀሩ።  በ1985 ዋሽንግተን አካባቢ አንድ ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዶቹንና የከበሮ ማሽኑን ይዞ «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ለብቻው ሠራ። ነፊዎቹን ከስቱዲዮ ያስወጣው ያው ማሽን፣ ለብቻው ለሠራው ሰው ደግሞ ባንድ ሆነለት። የልጅነት አኮርዲዮን ድምፅና የማሽን ከበሮ አንድ ላይ ሲሰሙ ናፍቆት ያለበት ቀዝቃዛ ውበት አላቸው፤ ከአሥር ሰው ባንድ የማይወጣ ድምፅ ነው። ካሴቱ አገር ቤት ተሸጠ፤ ከዚያም ተረሳ። ኃይሉ ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነዳ። ተሳፋሪ በሚጠብቅበት ሰዓት ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ኪቦርዱን አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ይለማመድ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ የካሴት ሰብሳቢ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ውስጥ ያንን ካሴት ገዛ። እ.ኤ.አ. በ2013 በሸክላ፣ በሲዲና በኢንተርኔት እንደገና አሳተመው። ኃይሉ በስልሳዎቹ መጨረሻ ዕድሜው ዓለም መዞር ጀመረ፤ በ2018 አዲስ አልበም አወጣ። የሚያድሰው ባላገኘው የካሴት ዘመን ተቀብሮ የነበረውን ሰው ያወጡት ሰብሳቢውና ኢንተርኔት ናቸው። የፈረንሳዩ ፍራንሲስ ፋልሴቶም እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም የአምሃንና የካይፋን ሸክላዎች በሲዲ እያደሰ ሲያወጣ፣ የሙላቱ አስታጥቄ ሙዚቃ እ.ኤ.አ. በ2005 የዳይሬክተሩ የጂም ጃርሙሽ ፊልም ውስጥ ገባ። አዲስ አበባ የጣለችውን ዓለም አንስቶ መለሰላት።

ስለዚህ ጥያቄው ለሁለት ይከፈላል። ለአድማጭ፣ እያንዳንዱ መሣሪያ ከቀደመው የተሻለ ነበር። ይህን በናፍቆት ስም መካድ፣ ሸክላ የመግዛት አቅም ላልነበረው ብዙ ሕዝብ ግድ አለማለት ነው። አብሮ ለሚጫወት ሙዚቀኛ ግን ከካሴት ወዲህ ያለው መንገድ ቁልቁለት ነበር። ጥፋተኛውም ማሽኑ ብቻ አይደለም፤ ሌሊቱን የዘጋው ሰዓት እላፊ፣ ያለ ክፍያ መቅዳትን ያላስቆመ ሕግ፣ ባንድን ወጪ ብቻ አድርጎ የቆጠረ ገበያ አብረው ሠርተዋል። ራሱን የቻለ የቅጂ መብት ሕግ የመጣው ዘግይቶ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ሲወጣ ካሴቱ ራሱ ለሲዲ ቦታ እየለቀቀ ነበር። ማሻሻያው አዋጅ 872/2007 ደግሞ ለባለመብቶች ክፍያ የሚሰበስብ የጋራ አስተዳደር ማኅበር መንገድ ሲከፍት፣ አድማጩ ወደ ዩቲዩብ መሄድ ጀምሮ ነበር።

ቦሌ ውስጥ አሁን ሁለቱም ዓለም ጎን ለጎን ይታያል። ቅዳሜ ማታ ባንድ የሚያስገቡ ቤቶች አሉ፤ ወጣት ሳክስፎን ተጫዋቾችም የሸክላውን ዘመን ቅንብር ከስልካቸው ላይ እያዳመጡ፣ እያዘገሙ፣ እየደጋገሙ አጥንተው ይመጣሉ። አስተማሪያቸው ያ ሸክላ ነው፤ ያገኙት በዩቲዩብ ነው። በሳምንቱ ቀናት ደግሞ ሩዋንዳ አካባቢ ያለ ካፌ ቴሌቪዥኑን ከኢንተርኔት ጋር አገናኝቶ ቀኑን ሙሉ ዘፈን ያሰማል። ባለቤቱ ለመብራት ይከፍላል፣ ለኢንተርኔት ይከፍላል።

ለሙዚቀኛው እንዲከፈል ግን መጀመሪያ ሙዚቀኛው መታወቅ አለበት። የዚያን ዘመን ትናንሽ ሸክላዎች ላይ ብዙ ጊዜ የተጻፈው የድምጻዊው፣ ቢበዛ የባንዱ ወይም የአቀናባሪው ስም ነው። ሁለተኛውን ሳክስፎን የነፋው ማን ነው? ትሮምቦኑንስ? ዩቲዩብም ሆነ የሮያሊቲ ማኅበር ገንዘብ መላክ የሚችለው በመዝገብ ላይ ላለ ስም ብቻ ነው። እነዚያ ነፊዎች አሁን አርጅተዋል፤ ብዙዎቹም አልፈዋል። በሕይወት ያሉት ተጠይቀው፣ እያንዳንዱ ሸክላ ተከፍቶ፣ የትኛውን ዜማ ማን እንደነፋው አንድ በአንድ የሚጻፍበት ሥራ ሙዚቀኞችን ለሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች፣ ለብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ለማኅበሩ የሚከብድ አይደለም። የሚያስፈልገው ስልክ፣ ወንበርና ከጎን ሆኖ የሚጽፍ ሰው ነው።