ርካሹ የካርቦን ቴላዮ እስከ መጨረሻው ርካሽ ነው?

የተራራ ብስክሌት የሚወድ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የካርቦን ቴላዮ ዋጋ መጠየቁ አይቀርም። ታዋቂዎቹ ኩባንያዎች በካርቦን የተሠራ ሙሉ ብስክሌት በብዙ ሺህ ዶላር ሲሸጡ፣ ከቻይና ፋብሪካዎች በቀጥታ የሚታዘዝ ስም የለሽ ቴላዮ ግን በአብዛኛው ከ300 እስከ 500 ዶላር ባለው ዋጋ ይገኛል። ይህን ልዩነት ያየ ሰው «ቴላዮውን ገዝቼ ሌላውን ቀስ በቀስ ብገጣጥምስ?» ማለቱ አይገርምም። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ በጥንቃቄ ከተሠራበት ጥሩ ብስክሌት ይወጣዋል። በችኮላ ከተገባበት ግን ትርፉ ዕቃ አጥቶ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ቴላዮ፣ ሲከፋም ቁልቁለት ላይ ጌታውን የሚጥል ብስክሌት ነው። ስለዚህ ከመታዘዙ በፊት ምን መጠየቅ፣ ሲደርስ ምን መመርመር፣ ሲገጣጠም ከምን መጠንቀቅ እንደሚገባ በቅደም ተከተል እንመልከት።

ካርቦን ሲባል

የካርቦን ቴላዮ እንደ ብረት ተበይዶ የሚሠራ አይደለም። ከፀጉር የቀጠኑ የካርቦን ክሮች ኤፖክሲ በሚባል ሙጫ ተነክረው እንደ ስስ ጨርቅ ይዘጋጃሉ። ጨርቁ ተቆራርጦ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ ይደረደራል፤ ከውስጥ በፊኛ ተወጥሮ በሙቀት እንዲደርቅ ይደረጋል። ክሩ ብርቱ የሚሆነው በተዘረጋበት አቅጣጫ ስለሆነ፣ የቴላዮውን ጥንካሬ የሚወስነው ቁራጮቹ በየትኛው አቅጣጫና በስንት ድርብ እንደተነጠፉ ነው።

ሻጮች በማስታወቂያቸው «ቲ700» እና «ቲ800» የሚሉትን ቁጥሮች አጉልተው ይጽፋሉ። እነዚህ የጃፓኑ ቶሬይ ኩባንያ ለክሮቹ የሰጣቸው መለያዎች ናቸው። የቲ700 ክር ሲጎተት የሚቋቋመው ኃይል 4,900 ሜጋፓስካል ያህል ሲሆን፣ ቲ800 ከዚያ ይበልጣል። ሆኖም ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ክሩ እንጂ ስለ ቴላዮው አይደለም። ማኛ ጤፍ ስለተገዛ ብቻ ጥሩ እንጀራ አይወጣም፤ አቡኪውና ጋጋሪው ይወስኑታል። ከክሩ ቁጥር ይልቅ ቴላዮው አይ.ኤስ.ኦ. 4210 በተባለው የብስክሌት ደህንነት መስፈርት መፈተሹን የሚያሳይ ሰነድ መጠየቅ ይሻላል። ሰነዱም የሚገዛውን ሞዴል በስም የሚጠቅስ መሆን አለበት።

ዋጋው ለምን ወረደ? ፋብሪካው የራሱን ቅርጽ ማውጫ ሠርቶ ቴላዮውን ለፈለገ ሁሉ ይሸጣል፤ ገዢው የፈለገውን ስም ይለጥፍበታል። ለማስታወቂያ፣ ለተወዳዳሪ ቡድንና ለአከፋፋይ የሚወጣው ገንዘብ ይቀራል። አብሮ የሚቀር ነገርም አለ፤ ቢሰበር ሄደው የሚያንኳኩት የአከፋፋይ በር አይኖርም። ስም የለሹ ቴላዮ ግን ከሐሰተኛው መለየት አለበት። የታዋቂ ኩባንያ ስምና ምልክት ተለጥፎበት በሩብ ዋጋ የሚሸጥ ቴላዮ አስመስሎ የተሠራ ነው። በስም የሚዋሽ ሻጭ ስለ ውስጡ ድርብርብ እውነት ይናገራል ብሎ መጠበቅ ሞኝነት ነው።

ገንዘቡ የት ይገባል?

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። በውጭ ገበያ ዋጋ፣ ማጓጓዣና ቀረጥ ሳይጨመር፣ መካከለኛ ደረጃ ያለውን ብስክሌት ለመሙላት የሚያስፈልገው በግምት የሚከተለው ነው፦

• ቴላዮ ከ300 እስከ 500 ዶላር
• አሞርዛተር ያለው የፊት ሹካ ከ200 እስከ 350 ዶላር
• ሁለት ቸርኬ ከነሞዞው ከ150 እስከ 250 ዶላር
• ካምቢዮ፣ ካሴት፣ ካቴናና የፔዳል ክንድ ከ200 እስከ 300 ዶላር
• የዘይት ዲስክ ፍሬን ከ70 እስከ 150 ዶላር
• ጎማዎች ከ60 እስከ 100 ዶላር
• መሪ፣ የመሪ ማያዣ፣ ኮርቻና የኮርቻ ዘንግ ከ100 እስከ 150 ዶላር
• ኩሽኔታዎች፣ ገመድና ጥቃቅን ዕቃ ከ60 እስከ 100 ዶላር

ድምሩ ከ1,140 እስከ 1,900 ዶላር ይደርሳል። ቴላዮው ከጠቅላላው ወጪ ሩብ ያህል ብቻ ነው ማለት ነው። የቀረውን ሦስት ሩብ የሚወስነው ግን ራሱ ቴላዮው ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ዕቃ ከቴላዮው ልክ ጋር መግጠም አለበት።

ከመክፈልዎ በፊት የሚጠየቁ ስድስት ቁጥሮች

1. የኋላ ሞዞ ስፋት። ዘመናዊዎቹ ቴላዮዎች «ቡስት» የሚባለውን 148 ሚሊ ሜትር ስፋትና 12 ሚሊ ሜትር አክስል ይቀበላሉ። ከዚያ በፊት የነበረው 142 በ12 ሲሆን፣ አሮጌዎቹ 135 ሚሊ ሜትር ከፈጣን መፍቻ ጋር ነበሩ። ቤትዎ ያለውን ቸርኬ ሊጠቀሙ ካሰቡ መጀመሪያ እሱን ይለኩ።

2. የፔዳል አክስል ቤት። ሁለት ዓይነት ነው፤ ጥርስ ወጥቶለት በብሎን መልክ የሚጠብቅና ኩሽኔታው ተጭኖ የሚገባበት። በርካሽ ቴላዮ ላይ የመጀመሪያውን መምረጥ ይመከራል። ተጭኖ የሚገባው ቤቱ በጥቂት ማይክሮን ከተዛባ ይንጫጫል፤ ለመትከልም ለመንቀልም ልዩ መሣሪያ ይፈልጋል። ባለ ጥርሱ 73 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን በማንኛውም የብስክሌት ጋራዥ ይፈታል።

3. የመሪ አንገት። አሁን የተለመደው ከላይ 28.6 ሚሊ ሜትር ሆኖ ከታች የሚሰፋ አንገት ነው። ከላይ እስከ ታች እኩል ውፍረት ያለው የድሮ ሹካ ያለ አስተካካይ ኩሽኔታ አይቀመጥበትም። የኩሽኔታውን ልክ ሻጩ በጽሑፍ ይላክልዎ።

4. የሹካው ርዝመት። ቴላዮው ለ100 ወይም ለ120 ሚሊ ሜትር አሞርዛተር ታስቦ የተሠራ ነው። ከተፈቀደው የረዘመ ሹካ መትከል የፊቱን ማዕዘን ከማስተኛቱም በላይ አንገቱ ላይ የሚያርፈውን ጫና ይጨምራል።

5. የኮርቻ ዘንግ ውፍረት። 27.2፣ 30.9 እና 31.6 ሚሊ ሜትር የተለመዱ ናቸው። የግማሽ ሚሊ ሜትር ልዩነት እንኳ ወይ አያስገባም ወይ ቴላዮውን ይሰነጥቃል።

6. የካምቢዮ ማንጠልጠያ። ብስክሌቱ ሲወድቅ ካምቢዮው እንዳይሰበር ቀድማ የምትታጠፍ ትንሽ የአሉሚኒየም ቁራጭ ናት። እ.ኤ.አ. በ2019 ስራም ኩባንያ ያወጣውን ሁሉን አቀፍ ማንጠልጠያ የሚቀበል ቴላዮ ከተገኘ መልካም ነው። ካልሆነ ከቴላዮው ጋር ሁለት ተጨማሪ ይዘዙ። ለዚያ ቴላዮ ብቻ የምትሆን ማንጠልጠያ አዲስ አበባ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው።

የጎማው ልክ ብዙም አያከራክርም፤ ዛሬ ለተራራ ብስክሌት ጎልቶ የሚታየው 29 ኢንች ነው። የቴላዮውን መጠን በተመለከተ «17 ኢንች» የሚለውን ጽሑፍ ብቻ አይመኑ፤ የሚመችዎትን ብስክሌት ርዝመት ለክተው ከሻጩ ሥዕል ጋር ያስተያዩ።

ለካምቢዮም አንድ ጠቃሚ ነጥብ አለ። የሺማኖ ባለ 12 ፍጥነት ዲኦሬ በሞዞው ላይ የተለየ የካሴት መቀመጫ ይፈልጋል። ባለ 11 ፍጥነቱ ዲኦሬ ኤም5100 ግን በብዙ አሮጌ ቸርኬዎች ላይ ያለውን መቀመጫ ይጠቀማል፤ ትልቁ ጥርሱም እኩል 51 ነው። ያለውን ቸርኬ ማትረፍ ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ቁጠባ ነው።

ቴላዮው ሲደርስ

ጥቅሉን ሲከፍቱ ቪዲዮ ይቅረጹ፤ ከሻጩ ጋር ለሚነሳ ክርክር ዋናው ማስረጃ ይህ ነው። ከዚያ በባትሪ ብርሃን ወደ ፔዳል አክስል ቤትና ወደ መሪው አንገት ውስጥ ይመልከቱ። የተጨማደደ ንጣፍ፣ ክፍት የቀረ ቦታ ወይም የደረቀ የሙጫ ጉብታ የችኩል ሥራ ምልክት ነው። ቱቦዎቹን በሳንቲም ቀስ ብለው ያንኳኩ፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የተላቀቀ ንጣፍ ግን የታፈነ ድምፅ ያሰማል። የኋላውን ቸርኬ አስገብተው ጎማው መሀል መቆሙን ያረጋግጡ። ጉድለት ካገኙ አንድም ብሎን ሳያስገቡ ለሻጩ ያሳውቁ፤ ከተገጣጠመ በኋላ የሚሰማ የለም።

አገጣጠሙ

በቅድሚያ የመጥበቂያ ኃይል የሚለካ ቁልፍ ይግዙ። በየጋራዡ የለመድነው «እጄ ያውቀዋል» የሚለው አሠራር ለብረት ቴላዮ ያገለግል ይሆናል፤ ካርቦን ግን ከልክ በላይ ሲጠብቅ ምንም ሳያሳይ ውስጡ ይደቃል። የኮርቻ ማጥበቂያው አብዛኛውን ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር፣ የመሪ ማያዣው ብሎኖች ከ4 እስከ 6 ኒውተን ሜትር ናቸው። በሺማኖ መመሪያ የግራው የፔዳል ክንድ ብሎኖች ከ12 እስከ 14፣ የካሴቱ መቆለፊያ 40 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል። ዕቃው ላይ ሌላ ቁጥር ከተጻፈ እሱን ይከተሉ።

የፔዳል አክስል ኩሽኔታ ሲተከል የቀኙ ወገን ጥርስ ግራ ዞር መሆኑን አይርሱ፤ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። ይህን ሳያውቁ በግድ ያዞሩ ስንቶች የአዲስ ቴላዮ ጥርስ በልተዋል። የሹካው አንገት ከመቆረጡ በፊት ሁለት ጊዜ ይለካ፤ የቀረ ቢረዝም ቀለበት ይጨመርበታል፣ ያጠረ ግን አይቀጠልም።

የኮርቻ ዘንግ ከካርቦን ጋር በሚነካካበት ቦታ ግሪስ አይቀባም፤ ለካርቦን የተሠራ አሸዋማ ቅባት አለው። ይህ ቅባት በትንሽ ጥብቀት እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። የአሉሚኒየም ዘንግ ካርቦን ውስጥ ለዓመታት ሳይነቀል ከቆየ ግን ዝጎ ይጣበቃልና በየጥቂት ወሩ አውጥቶ መጥረግ ያስፈልጋል። ብስክሌቱን በማቆሚያ ሲይዙ ቱቦውን ሳይሆን የኮርቻውን ዘንግ ያስነክሱ።

ሌላው ምክር መሪን የሚመለከት ነው። ቴላዮው ካርቦን ሆነ ተብሎ መሪውንና የመሪ ማያዣውንም ከማይታወቅ አምራች በካርቦን መግዛት አይገባም። ከእንጦጦ ቁልቁል በሚወርዱበት ጊዜ መሪ ቢሰበር የሚያዝ ነገር የለም። ከታወቀ አምራች የተገዛ የአሉሚኒየም መሪ ክብደቱ በጥቂት አሥር ግራም ቢበልጥ ነው፤ ለዚያ ተብሎ ጥርስና መንጋጋ አይወራረድም።

የመጀመሪያው ጉዞ በሜዳ፣ በዝግታና አጭር ይሁን። ሲመለሱ ሁሉንም ብሎን በቁልፉ እንደገና ይፈትሹ። ብስክሌቱ በድንጋይ ላይ ክፉኛ ከወደቀ ደግሞ ቀለሙ ስላልተላጠ ብቻ ደህና ነው ማለት አይቻልም። አሉሚኒየም ሲመታ ይጎደጉዳል፤ ካርቦን ወደ ቅርጹ ተመልሶ ጉዳቱን ሊደብቅ ይችላል። አዲስ ጩኸት፣ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወይም ሲጫኑት የሚለሰልስ ቦታ ከታየ መንዳት ማቆም ነው።

ታዲያ ይገዛ ወይስ ይቅር?

የካርቦን ቴላዮ ከአሉሚኒየሙ የሚቀለው ባብዛኛው በግማሽ ኪሎ አካባቢ ነው። ጠቅላላ በጀቱ ለጥሩ ሹካና ለአስተማማኝ ፍሬን የማይተርፍ ሰው በአሉሚኒየም ቴላዮ ላይ ጥሩ ሹካ ቢተክል የተሻለ ብስክሌት ያገኛል። ቸርኬና ካምቢዮ ያለው፣ ልኩን ያወቀ፣ ቁልፉን የገዛና የሚታገሥ ሰው ግን በታዋቂ ስም ከሚከፈለው በብዙ ባነሰ ገንዘብ ቀላልና ጠንካራ ብስክሌት ሊሠራ ይችላል። ሻጩን የሚጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ነው?» ሳይሆን «ልኩ ስንት ነው?» ይሁን።