ስንቅ የጫኑት ጀግኖች

ጦርነት በተነሣ ጊዜ ስሙ በታሪክ መጽሐፍ የሚጻፍለት፣ በፉከራና በዘፈንም የሚወደሰው ተዋጊው ነው። ይህም የተገባ ነው። ነገር ግን ተዋጊ በባዶ ሆዱ አይዋጋም፤ ጥይትም ከሰማይ አይወርድለትም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስንቅና መሣሪያ ጭነው ስለ ዘመቱት ሰዎችና እንስሳት፣ በተለይም በአገራችን በአዊ ስለሚደረግላቸው መታሰቢያ ጥቂት ለማስረዳት እንሞክራለን።

አስቀድመን ወደ ውጭ አገር እንመልከት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ማለት ከ1931 እስከ 1937 ዓ.ም.፣ የእንግሊዝ አገር ሕዝብ እህልና ነዳጅ ያገኝ የነበረው በንግድ መርከቦች አማካይነት ነበር። የንግድ መርከበኞቹ ወታደሮች አልነበሩም፤ ሆኖም የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ እያደኑ ያሰጥሟቸው ነበር። ከዚህም የከፋው፣ መርከቡ በሰጠመበት ቀን የብዙዎቹ ደመወዝ ይቋረጥ ነበር፤ ይህ ደንብ የተለወጠው በ1933 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በሎንዶን ከተማ ታወር ሂል በተባለው ስፍራ፣ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መቃብራቸው ባሕር የሆነ ከ35 ሺህ በላይ የንግድ መርከበኞችና ዓሣ አጥማጆች ስም ተቀርጾ ይገኛል። በባሕር ጠረፍ የሚኖረው ሕዝብም ዘፈን አውጥቶ ያወሳቸዋል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በእንጅባራ አጠገብ ያለው የዘንገና ሐይቅ በጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ላይ የተፈጠረ፣ ዙሪያውን ደን የከበበው ጥልቅ ውሃ ነው እንጂ መርከብ የሚሄድበት ባሕር አይደለም። የደጋው ሰው መርከቡ ፈረሱና በቅሎው ናቸው፤ የንግድ መርከበኛውም ሲራራ ነጋዴው ነበር። ሲራራ ነጋዴ ማለት አሞሌ ጨው፣ ቡናና ቆዳ በአጋሰስ ጭኖ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ጎጃምን አቋርጦ እስከ ጎንደር፣ ከዚያም እስከ መተማና እስከ ምጽዋ የሚጓዝ ነጋዴ ነው። ሽፍታውን፣ ወባውንና የወንዙን ሙላት እየተጋፈጠ የሩቁን አገር ከሩቁ አገር ያገናኘ እርሱ ነው።

የስንቅ ነገር ምን ያህል ክብደት እንዳለው ከዐድዋ ጦርነት እንረዳለን። በ1888 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ወደ ሰሜን በዘመቱ ጊዜ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም ጦራቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። በየካቲት ወር የሁለቱም ወገን ስንቅ እያለቀ ሄደ፤ ሁለቱም ጦሮች በቦታቸው ብዙ ቀን ለመቆየት አይችሉም ነበር። የካቲት 23 ቀን ድል እስኪገኝ ድረስ ያን ሁሉ ሰራዊት በእግሩ ያቆሙት፣ እህል የጫኑት አጋሰሶች፣ ውሃ የቀዱትና ዱቄት የፈጩት ሴቶች፣ ድንኳን የተሸከሙት ሎሌዎች ናቸው።

ሁለተኛው ምሳሌ ለአካባቢያችን የቀረበ ነው። ከ1928 ዓ.ም. በኋላ የኢጣልያ ጦር አገሪቱን ሲይዝ፣ እንደ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና እንደ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ያሉ የጎጃም አርበኞች በዱር በገደል ተዋጉ። አርበኛውን ይቀልበው የነበረው ባላገሩ ነው። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ሲገቡ፣ አብሯቸው የነበረው ጦር ዕቃውን የጫነው ከሱዳን በመጡ ግመሎች ላይ ነበር። ግመሎቹ የቆላውን አሸዋ እንጂ የበላያን ድንጋይና የደጋውን ብርድ አያውቁም፤ በየመንገዱ ወድቀው ቀሩ። ግመሎቹ 15 ሺህ ያህል እንደ ነበሩና አዲስ አበባ የደረሱት ከመቶ ያነሱ እንደ ሆኑ ተጽፏል። የኢጣልያ ጦር ዳንግላንና እንጅባራን ለቆ የወጣው በዚሁ ዓመት ነው። ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ግን ግመል ነጂዎቹን ያስታወሰ ማን ነው?

የእኛ ፉከራና ቀረርቶ በአብዛኛው የሚቆጥረው ግዳይን ነው። ይሁን እንጂ አባቶቻችን እንስሳውን ፈጽሞ አልረሱትም። አፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻን አባ ነፍሶ እያሉ በፈረሳቸው ስም ይጠሯቸው ነበር። ስለዚህ ጌታው በተወደሰ ቍጥር ፈረሱም አብሮ ይወደስ ነበር።

በአዊ ዘንድ ይህ ልማድ ከዘፈን አልፎ ማኅበር ሆኗል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ሲሆን ዓላማው በዐድዋና በኋላም ከኢጣልያ ጋር በተደረገው ተጋድሎ የዋሉትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ ፈረሶቹ በጌጥ ተሸልመው ይወጣሉ፤ ግልቢያ፣ ጉግሥና ሶምሶማ ይታያል፤ በአገውኛና በአማርኛ ይዘፈናል፤ ይፎከራል። አባላቱ ዛሬ ከ60 ሺህ በላይ እንደ ሆኑ ይነገራል። ማኅበሩ በሠርግና በለቅሶ ይረዳዳል፤ የተጣላም ያስታርቃል። ይህ በዓል የሰባት ቤት አገው ሕዝብ ለባለውለታው እንስሳ ያቆመው ሕያው ሐውልት ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሆኖም አንድ ነገር ይቀራል። ባለ ጌጡ ፈረስ ሲታሰብ ጀርባው የተላጠው አጋሰስ፣ እርሱን የነዳው ሰው፣ በሌሊት የፈጨችውም እናት ገና ተገቢውን መታሰቢያ አላገኙም። የእነርሱ ታሪክ ያለው በመንገድ እንጉርጉሮና በወፍጮ ዘፈን ውስጥ ነው፤ ይህንም የሚያውቁት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በየዓመቱ እያለፉ ነው። የሞተርና የመኪና ዘመን ከመጣ ወዲህ የሲራራ ነጋዴው ዘፈን የሚዘፈንበት መንገድ ራሱ ጠፍቷል።

እንግዲህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተማሪዎች ሆይ! ሎንዶን የመርከበኞቿን ስም በነሐስ ላይ ጽፋለች። እኛ ነሐሱ ባይኖረን ደብተርና እርሳስ አለን። በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ እያንዳንዳችን ወደ አያቶቻችን ቀርበን አንድ አንድ ዘፈን፣ ከነዘፋኙ ስምና ከነቀበሌው፣ በአገውኛ የተባለውን በአገውኛ፣ በአማርኛ የተባለውን በአማርኛ ጽፈን ብናመጣ፣ ለትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት በገንዘብ የማይገዛ ሀብት እናበረክታለን። ወላጆችም ልጆቻችሁ ሲጠይቋችሁ «ይህ የድሮ ነገር ነው» ብላችሁ እንዳትሸኟቸው በትሕትና እንለምናለን።